በራሷ ፈቃድ

«በራሷ ፈቃድ ሥራዋን ለቃለች» የምትል ዐረፍተ ነገር አለች። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ከአቧራ ቀጥሎ እንደሷ የበዛ ነገር ያለ አይመስለኝም። ጋዜጣ ላይ መሞነጫጨር ከመጀመሬ በፊት እንጀራዬ ፐርሶኔል ክፍል ስለነበር ከእሷ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ዛሬ ክፍሉ ስሙ አምሮበት «የሰው ሀብት ሥራ አመራር» ተብሏል፤ ያኔ ግን ፐርሶኔል ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ «ቅጥርና ስንብት» ነበር የሚለን። አልተሳሳተም። ሰው እናስገባለን፣ ሰው እናስወጣለን፣ በመሐል የዓመት ፈቃድ እንቆጥራለን።

ሰው ሲለቅ ፋይሉ ይዘጋና ወደ መዝገብ ቤት ይወርዳል። ከዝግ ፋይል ሁሉ የመጨረሻዋ ወረቀት የመልቀቂያ ደብዳቤ ናት። የወንዶቹን ደብዳቤ ስታነቡት ምክንያቱ ወለል ብሎ ይታያል፦ የተሻለ ደመወዝ፣ ትምህርት፣ ውጭ አገር፣ አንዳንዴም ከአለቃ ጋር የለየለት ጠብ። የሴቶቹ፣ በተለይ የወጣቶቹ፣ በተለይ ደግሞ አንድ የተወሰነ ፎቅ ላይ የሚሠሩት ግን «በግል ጉዳይ»፣ «በቤተሰብ ችግር»፣ «በጤና ምክንያት» ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ እናትና አባቷ ክፍለ አገር፤ ታዲያ የምን የቤተሰብ ችግር ነው? ቅጹ ላይ ለዚህ ጥያቄ የተተወ መስመር የለም። ክሊራንሷን ታዞራለች፣ ቁልፍ ታስረክባለች፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ትቀበላለች፣ ትሄዳለች።

በነገራችን ላይ ያቺን የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚፈርመው ማን ነው? ያው አለቃዋ ነዋ። «ታታሪና ምስጉን ሠራተኛ ነበረች» የምትለዋ መስመር ካልገባች የሚቀጥለው ቀጣሪ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። እናላችሁ የመልቀቂያ ደብዳቤ ላይ እውነቱን የሚጽፍ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እውነቱን ጽፋ ማስረጃውን ከማን ልትቀበል?

እኔ በነበርኩበት ድርጅት ነገሩን መጀመሪያ የነቃበት ማን መሰላችሁ? የሠራተኛ ማኅበሩ አይደለም። የፋይናንስ ኃላፊያችን ናቸው። ሰውዬው ለሴቶች መብት እንቅልፍ አጥተው የሚያድሩ ዓይነት አልነበሩም፤ እሳቸውን እንቅልፍ የሚነሳቸው ብር ነው። ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ቀን የዓመቱን ወጪ ሲያበጥሩ «ማስታወቂያና ቅጥር» የሚለው ሒሳብ ላይ ሲደርሱ ቆሙና አስጠሩኝ። «ይቺ የጸሐፊነት መደብ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ማስታወቂያ ወጣባት። ምንድነው፣ ወንበሩ ላይ መርፌ አለ እንዴ?»

ወንበሩ ላይ መርፌ የለም። ችግሩ ከወንበሩ ፊት ለፊት ያለው በር ነው፤ ይህን የሻይ ቤቷ ሴትዮ እንኳን ታውቀዋለች። ያ በር ከተዘጋ በኋላ ዲክቴሽን የሚባል ነገር አለ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ «አንዴ ቆይኝማ» አለ፤ በወር አንዴ የመስክ ሥራ አለ፤ የመስክ ሥራው አበል አለው፤ አበሉ ደግሞ ዋጋ አለው። ልጆቹ ለሰው የሚናገሩት ይህችኑ ያህል ነው፤ እሷንም ተናግረው ሲያበቁ «አደራ» ይላሉ።

የፋይናንስ ኃላፊው ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ካልኩሌተራቸውን አወጡ። አብረን ተቀምጠን የዚያችን ወንበር ሒሳብ ሠራን። የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ የፈተና ወረቀት፣ የፈታኞች አበል። የሙከራ ጊዜ ያኔ 45 ቀን ነበር፤ በዚያ ጊዜ አዲሷ ልጅ ፋይል ስታፈላልግ የምታጠፋው ሰዓት። ወደተሳሳተ መሥሪያ ቤት የሄዱ ደብዳቤዎች። ሰነዱ የት እንዳለ የምታውቀው ልጅ በሳምንቱ ለቃ ስለነበር ቀኑ ያለፈበት አንድ ጨረታ። ያቺ ጨረታ ብቻዋን የአራቱንም ልጆች የዓመት ደመወዝ ታስከነዳለች። ሰውዬው ድምሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመሩበትና «ይሄ ሰውዬ ውድ ነው» አሉ።

ወረቀቱን ለዋና ሥራ አስኪያጁ አቀረብን። ውጤቱን ልንገራችሁ? ሰውየው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ ከነደረጃው፣ ከነመኪናው። የአራቱ ልጆች ፋይል ግን እስከ ዛሬ የሚለው ያንኑ ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ጋር የያዝነው ወግ ነው። ወዳጄ ነጋዴ ነው፤ ስድሳ ምናምን ሠራተኛ አለው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ውስጥ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። «አንተ ፐርሶኔል ነበርክ፤ እስቲ ንገረኝ» አለኝ ማኪያቶውን እያማሰለ። «አሁንማ ሴት ሠራተኛን ደህና አደርሽ ማለትም ሊያስከስስ ነው አሉ። አሜሪካኖቹ ድርጅቶች በዚህ ክስ በሚሊዮን እየከፈሉ አለቁ። እኛንም እንደነሱ ሊያደርጉን ነው።»

ወዳጄ የፈራው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ጾታዊ ትንኮሳን በስሙ አይጠራም ነበር። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል፣ የ30 ቀን ደመወዝም ይካሳል ይላል፤ በቃ። የ2011ዱ አዋጅ ግን ነገሩን በስሙ ጠራው። ያለ ሌላው ሰው ፈቃድ በቃልም ይሁን በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ለወሲብ መጠየቅና መገፋፋት ጾታዊ ትንኮሳ ነው አለ፤ ኃይል ከተጨመረበት ወይም ከተሞከረ ጾታዊ ጥቃት ነው አለ። አሠሪውም የሥራ መሪውም ይህን መፈጸም የተከለከለ ነው። «ደህና አደርሽ» የትም የለም። እንዲያውም ትርጉሙ ጠበብ ይላል፤ ሴቷን በየቀኑ በሰው ፊት በሰውነቷ እያፌዘ የሚያሸማቅቃት፣ ግን ምንም ያልጠየቃት አለቃ ከዚህ ትርጉም ውጭ ሊቀር ይችላል፤ እሱን «ሰብዓዊ ክብር» በሚለው አሮጌ መንጠቆ ነው መያዝ ያለባችሁ።

ወዳጄ ግን ትርጉም አልፈለገም። «ዋጋውን ንገረኝ» አለ። ነጋዴ አይደል። ሶፍት ስቤ ጻፍኩለት። አለቃዋ የተነኮሳት ሠራተኛ በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ብትለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ታገኛለች፤ በላዩ ላይ ካሣ ይጨመርላታል፤ ካሣው የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ነው። በወር 9 ሺህ ብር የምትከፈል፣ ሦስት ዓመት የሠራች ልጅ እንበል። የቀኗ 300 ብር ነው። ካሣው 27 ሺህ ብር። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የአሥር የአሥር ቀን፣ በድምሩ የ50 ቀን፣ 15 ሺህ ብር። ጠቅላላ 42 ሺህ ብር።

ወዳጄ ሶፍቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ሞባይል አየው።

«ይኸው ብቻ?»

እኔም አስቤበት አላውቅም ነበር። ሰውዬው ፈርቶ ነው የመጣው፤ ዋጋውን ሲያውቅ ፍርሃቱ ለቀቀው። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሕግ አውጪው 30ውን ወደ 90 ሲያሳድግ ለዚህ ጉዳይ ብሎ ሦስት እጥፍ አድርጎታል፤ ቀላል ለውጥ አይደለም። ግን ዋጋው የሚሰላው በተበደለችው ደመወዝ ነው። ደመወዟ ባነሰ ቁጥር በደሉ ይረክሳል። ጽዳት ሠራተኛዋ ከጸሐፊዋ፣ ጸሐፊዋ ከመሐንዲሷ ትረክሳለች። እንግዲህ ይህ ዓይነቱ አለቃ እጁን የሚዘረጋው በየትኛዋ ላይ እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም።

«ቆይ፣ አላለቀም» አልኩት። አቤቱታ አቀረበች ብለህ ብታባርራት ሌላ ጉዳይ ነው፤ አቤቱታ ማቅረብ ለማባረር በቂ ምክንያት አይደለም ይላል ሕጉ። ወይ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ወይም 180 ቀን ደመወዝ ትካሳለች። የሥልጣን የበላይነቱን ተጠቅሞ ከሴት ጋር ግንኙነት የፈጸመ አሠሪ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 መሠረት እስራት ይጠብቀዋል፤ ያውም እሷ ከከሰሰች። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። ሶፍቱን ግን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወደዚያ ስለ አሜሪካ ወዳለው ነገር ልመለስ፤ ሰው ሁሉ ስለሚለው። እውነት ነው፣ እዚያ ሚሊዮን ይጠራል። ግን እንደሚወራው አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣችው የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር በሥራ ላይ ማድላትን ከለከለች። ትንኮሳ ራሱ የዚህ አድልዎ አካል ነው ብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለመወሰን ግን እስከ 1986 ቆየ። ጉዳዩ የተነሳው እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ፣ ዛሬ የእኛ ሰው በየመንገዱ በሞላበት ከተማ ነው። ሚሼል ቪንሰን የምትባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1974 ባንክ ተቀጠረች፤ በችሎታዋ እያደገች ረዳት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ደረሰች። በ1978 ረዥም የሕመም ፈቃድ ስትወጣ ባንኩ ፈቃድ አበዛሽ ብሎ አባረራት። እሷም የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ለዓመታት ያስገድደኝ ነበር ብላ ከሰሰች።

የባንኩ መልስ ምን ነበር? «የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓት አለን፤ ለምን አልተጠቀመችበትም?» የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ሥርዓቱን ገልጦ ሲያየው ሠራተኛ ቅሬታውን መጀመሪያ የሚያቀርበው ለቅርብ አለቃው መሆን ያለበት ይመስላል። የእሷ የቅርብ አለቃ ማን ነው? ያው ሰውዬ! ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ስላለው ብቻ ባንኩ ከኃላፊነት አያመልጥም አሉ። እኔ ፍርዱን ሳነብ የራሴን የድሮ መሥሪያ ቤት መተዳደሪያ ደንብ ያነበብኩ መሰለኝ፤ «ቅሬታ ያለው ሠራተኛ በቅድሚያ ለቅርብ ኃላፊው በጽሑፍ ያቀርባል»።

ዋጋውን በተመለከተ እነሱም ጣሪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ሕግ መሠረት ለሞራል ጉዳትና ለመቅጫ ተብሎ የሚፈረደው ካሣ ከ500 በላይ ሠራተኛ ላለው ድርጅት እንኳን ለአንድ ሰው ከ300 ሺህ ዶላር አይበልጥም፤ እስከ መቶ ሠራተኛ ላለው 50 ሺህ ነው። ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ አልተነካም። በዘር ለሚደርስ በደል ግን ይህ ጣሪያ የማይሠራበት ሌላ የቆየ ሕግ አለ፤ ሆኖም እሱም ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቴስላ ፋብሪካ ውስጥ ለተሰደበ አንድ ጥቁር ሠራተኛ ዳኞች ወደ 137 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርዱለት ዓለም ሰማ። የችሎቱ ዳኛ ወደ 15 ሚሊዮን አወረዱት፤ ሰውየው አልቀበልም ብሎ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በ2023 ወደ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ወረደ። ያኔ ግን የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

ለአሠሪ ትምህርት የሚሆነው ሌላው ታሪክ የሚትሱቢሺ ነው። ፋብሪካው የነበረበት የኢሊኖይ ከተማ ስሟ «ኖርማል» ነው፤ ቀልዴን አይደለም። የአገሪቱ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 ፋብሪካው ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ይተነኮሳሉ ብሎ ከሰሰ። ኩባንያው ምን አደረገ? አውቶቡስ ተከራየ! ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኛ የቀን ደመወዙ ሳይቆረጥበት ጭኖ ቺካጎ ወሰደና የኮሚሽኑ ቢሮ ፊት ለፊት ሰላማዊ ሰልፍ አሰለፈ። እኛ አገር ሠራተኛን በአውቶቡስ ጭኖ ለሰልፍ ማውጣት ብርቅ ስላልሆነ ዘዴው አልገረመኝም። ሁለት ዓመት ከተከራከረ በኋላ በ1998 34 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለዚያ ዓይነት ክስ በጊዜው ትልቁ ስምምነት ነበር። አውቶቡሱን የተከራየ ቀን ፎርማኑን ጠርቶ ቢያነጋግር ኖሮ ምን ያህል ይተርፈው እንደነበር አስቡት።

አሜሪካ ውስጥ አሠሪውን የለወጠው ግን ሚሊዮኑ ብቻ አይመስለኝም። እዚያም ቢሆን ዋጋው ከታወቀ ሰው ይለማመደዋል። ለዚህ ዓይነት ክስ የሚሸጥ ኢንሹራንስ አለ፤ አሠሪው ዓረቦኑን እንደ መኪናው ዓረቦን ይከፍልና ይረሳዋል። የዋይንስቲን የፊልም ኩባንያን ያየን ሰዎች ደግሞ ባለቤቱ ለዓመታት ሴቶችን በገንዘብ ዝም ሲያሰኝ እንደኖረ ሰምተናል፤ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ጋዜጣ ላይ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በመጋቢት 2018 ኩባንያው መክሰሩን አወጀ። ዝምታው ሲሸጥ ርካሽ ነበር፤ ሲሰበር ግን ዋጋው ኩባንያው ሙሉውን ሆነ። እነሱን የለወጣቸው፣ በእኔ ግምት፣ «አላወቅሁም» ማለት እየከበደ መሄዱ ነው። ፍርድ ቤቶቹ በ1998 በሰጡት ውሳኔ አሠሪ ራሱን መከላከል የሚችለው ለመከላከልም ለማረምም የሚሠራ ሥርዓት እንዳለው ሲያሳይና ሠራተኛዋ ያለ በቂ ምክንያት ሳትጠቀምበት ስትቀር ነው አሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ሆቴል የሚሠራው የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ስለዚህ ፊልም እንደሚያይና ፈተና እንደሚፈተን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ሰው ሲያደንቅም አስቦ ነው» ይለኛል። ሳቀ እንጂ ቅሬታ ቢኖረው የሚደውልበትን ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤ እኔ የጠየቅሁት ይህን ነበር።

እኛ ዘንድ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ቤተ መንግሥትን ለቆ ወደየቢሮው ከገባ ቆይቷል። ሕጉ አለ፤ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም፤ ችሎቱም አለ። የሚጎድለው ምንድነው ብትሉ እኔ ከሁለት ቁጥር እጀምራለሁ። አንደኛው 15 ነው። በዚህ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ሦስት ሳምንት ማለት ነው። የደረሰባትን ለራሷ እንኳን አምና ያልጨረሰች ልጅ፣ የቤት ኪራይ ያለባት፣ ታናሽ ወንድሟን የምታስተምር ልጅ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሥራዋን ጥላ፣ ጠበቃ አማክራ፣ ምክንያቷን ጽፋ ትወጣለች? አሜሪካኖቹ ለኮሚሽኑ አቤት ለማለት 180 ቀን፣ በብዙ ግዛቶችም 300 ቀን ይሰጣሉ፤ እሱንም አጠረ የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ቁጥር 60 ነው። የሙከራ ጊዜው በአዲሱ አዋጅ 60 የሥራ ቀናት ደርሷል። በዚያ ጊዜ «ለሥራው ተስማሚ አልሆነችም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ፣ ያለ ካሣ ማሰናበት ይቻላል። አለቃዋም ይህን ቀን ከእሷ አብልጦ ይቆጥረዋል።

ከዚያ ደግሞ ምስክር አለ። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብሎ ያደገ ሕዝብ መሐል ምስክር ፈልጉ እስቲ። አብሯት የሚሠራው ሁሉ ያየውን አይቷል፤ ግን እሱም የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ዛሬ በቴሌግራም የሚላክ መልእክት መኖሩ ነው ትንሽ ነገሩን የቀየረው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «ደረስሽ? ምን ለብሰሻል?» ብሎ የጻፈ አለቃ «ሥራ ነው» ሊል አይችልም። ምስክር የማይገኝበት ቦታ ላይ ስልኩ ይመሰክራል።

ወዳጄ በጨዋታችን መሐል ያነሳትን አንድ ሌላ ነገር ላንሳ፤ ሌሎችም የሚሏት ናት። «በሐሰት ብትከሰኝስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ፐርሶኔል በሠራሁባቸው ዓመታት በሐሰት የተከሰሰ አላየሁም አልልም፤ ቶነር ሰረቀ ተብሎ፣ ኦቨር ታይም ሳይሠራ ፈረመ ተብሎ በሐሰት የተከሰሰ አይቻለሁ። ለእነሱ ግን ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቃል ተቀብሎ፣ ነፃ ወጥተዋል። ትንኮሳ ላይ ሲደርስ ብቻ «ሰው በሐሰት ይከሰሳልና አናጣራ» የሚባለው ለምንድነው? ማጣራት በሌለበት ቤት ንጹሑም ሰው አይድንም፤ ሻይ ቤት ውስጥ ይፈረድበታል፤ ይግባኝ የለው፣ ነፃ የሚያወጣው ወረቀት የለው።

ስለ አድልዎም አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ወዳጄን ያቆነጃጀሁት ይመስለኛል። ያን ዕለት ሶፍቱን ኪሱ ከከተተ በኋላ «እንግዲህ ዋናው ነገር ሴት አለመቅጠር ነው» ብሎ ቀለደ። ቀልድ ነው ብሎኛል። ግን አራት ኪሎ ሄዶ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ ቀልዱ ከየት እንደመጣ ያውቃል። «ጾታ፦ ሴት፤ ዕድሜ፦ ከ25 ያልበለጠ፤ መልከ መልካም» የሚል የእንግዳ ተቀባይ ማስታወቂያ አለ፤ ስልክ ለማንሳት መልክ ምን ያደርጋል? ዝቅ ሲባል «ጾታ፦ ወንድ» የሚል የሽያጭ ኃላፊ። ፈተና ላይ ደግሞ «ልታገቢ አስበሻል?» የምትል ጥያቄ አለች። ሕጉ ነፍሰ ጡር 120 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንድታገኝ፣ በእርግዝናዋና ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር እንዳትባረር ይደነግጋል። አሠሪው ይህን በሒሳብ ደብተሩ ላይ ያያል፤ ስለዚህ በሩ ላይ ይመልሳታል። የተባረረች ትከስሳለች፤ ያልተቀጠረች ግን ማንን ትከስሳለች? ምን ይዛ? «ልታገቢ አስበሻል?» የተጻፈ አይደል፤ ደብዳቤ ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው።

ወዳጄ ባለፈው ሐሙስ ደወለ። ሶፍቷን ለጠበቃው አሳይቶት ይመስለኛል፣ ድምፁ ለየት ብሏል።

«ስማ፣ ያ ያልከኝን የቅሬታ ሥርዓት ላዘጋጅ ነው። ጠበቃዬም አዘጋጅ አለኝ። ቅሬታውን ማን ይቀበል?»

«አሁን ማን ነው የሚቀበለው?» አልኩት።

«የየክፍሉ ኃላፊ ነዋ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ።»

«ሥራ አስኪያጁ ማን ነው?»

«ታናሽ ወንድሜ። ታውቀዋለህ እኮ።»

አውቀዋለሁ። «ሌላ ሰው የለህም? ሴት ኃላፊ?»

«የሒሳብ ሹሟ አለች። ስምንት ዓመት አብራን ሠርታለች፤ ጎበዝ ናት፤ ታማኝ ናት። ግን ለዚህ የምትሆን አይመስለኝም።»

«ለምን?»

«ዝምተኛ ናት። ከወንድሜ ጋር ስብሰባ ካለ ደግሞ ጭራሽ አትናገርም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

ስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። አልተቋረጠም፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።